ፀጉር በፀጉር

ባለፈው ሳምንት ለሠርግ ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያው የያዝኩት ባጃጅ ትንሽ ከተጓዘ በኋላ ሾፌሩ ስልክ ሊያናግር አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ። ከመጋዙ ሥር የተቆለለውን ሰጋቱራ የዘነበው ዝናብ አርሶት ኖሮ፣ ሽታው ሳልዘጋጅ መጣብኝ። እርጥብ የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ጠረግ አድርጎ ያልፋል፤ እኔ ግን እጄን ወደ ራሴ ሰድጄ ከሻሼ ሥር ፀጉሬን ዳበስኩ፣ አለ ወይስ የለም ብዬ። ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶኝ "ማዘር፣ የጠፋ ዕቃ አለ እንዴ?" አለኝ። "የለም ልጄ፣ ንዳ" አልኩት። ምን ብዬ ላስረዳው? እሱ ጎንና ጎኑን ተላጭቶ መሐሉን ቀይ ቀለም ነክሮታል። ፀጉር ማለት ለሱ ቅዳሜ ተቆርጦ በሳምንቱ የሚበቅል ነገር ነው። በእኛ ጊዜ ለአንድ ሰው ፀጉር ብሎ ከተማው በሙሉ ሥራ ፈትቶ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ትንፋሹን ውጦ የዋለበት ቀን እንደነበረ ብነግረው፣ አሮጊቷ ዞሮባታል ብሎ ሠርጉ ቤት ሳያደርሰኝ ያወርደኝ ነበር።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። መንግሥት ተለውጦ ይሁን ሊለወጥ ተቃርቦ፣ ያን የሚያውቁ ይጻፉት። እኔ የማውቀው ቦምቦሊኖ ዐሥር ሳንቲም፣ ሻይ ሃያ አምስት እንደነበረ ነው። ወንዶቹ አዲስ አበባ የሰለቸችውን ቦላሌ ሱሪ ገና እንደ አዲስ ይለብሱ ነበር። ካሴት ቤቱ ደጃፍ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንዱን የፍቅር ዘፈን ክሩ እስኪለጠጥ ያጫውተዋል፤ ወደ መጨረሻው ላይ የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ይሄዳል፤ እኛም ዘፈኑ እንዲያ መስሎን በወፍራሙ እንዘፍነው ነበር። እኔ ያኔ ሃያን ያለፍኩ፣ ለማግባት የዘገየሁ፣ ምላሴ ግን የማይዘገይ ልጅ ነኝ። ሥራዬ የጋሽ ሽኩር ቪዲዮ ቤት በር ላይ ትኬት መቁረጥ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ደግሞ መናኸሪያው ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበር። የጤፍ ኩንታል በአንድ ትከሻው ይዞ የአውቶቡስ መሰላል ይወጣል። ግን ከተማው የሚያውቀው በጉልበቱ ሳይሆን በጎፈሬው ነው። በር ሲገባ ለቁመቱ ሳይሆን ለፀጉሩ ጎንበስ ይላል። ሚዶውን ከኋላ ሰክቶበት ይረሳውና ጠፋብኝ እያለ እኔን ሲጨቀጭቀኝ ይውላል።

ያ ፀጉር ግን የጌጥ ብቻ አልነበረም። በእኛ ዘንድ ራሱን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ የወጣ ሰው ቤቱ ሐዘን ገብቷል ማለት ነው፤ ማንም ምን ሆንክ ብሎ አይጠይቀውም፣ ደረቱን ይመታለታል እንጂ። አባታችን ያረፈ ጊዜ ደምሴ እንደ ወጉ ተላጨ። ፀጉሩ መልሶ ማቆጥቆጥ ሲጀምር እናቴ በመዳፏ ዳብሳው "ይኼ ሁለተኛ የሚወርደው እኔ የሞትኩ ለት ነው። ከዚያ በፊት ከተላጨኸው በቁሜ ቀበርከኝ ማለት ነው" አለችው። እሱም ማለላት። ከዚያ ወዲህ ጫፍ ጫፉን ከማስተካከል በቀር ሳይነካው ነው ያን ያህል የሆነው።

በዚያው ለቅሶ የመጣ ሌላም ጣጣ ነበረብን። የእናቴ ወንድም፣ አጎታችን ዳምጠው፣ ቆሼ ነው የሚኖረው። አባታችን ሲያርፍ በርበሬ ሊሸጥ ሩቅ አገር ሄዶ ነበርና መርዶው ዘግይቶ ደረሰው። እየሮጠ ሲመጣ ድንኳኑ ተነቅሏል፤ ጎረቤትም ድስቱን ወስዷል። እናቴ በር ላይ ቆማ፣ ግባ እንኳ ሳትለው፣ "ዘገየህ" አለችው። "ለኔ ደግሞ ጭራሽ እንዳትመጣ።" ሌላ ወንድም እህት የሌላቸው ሁለት ሰዎች ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሽማግሌዎቹን አብልታ አጠጥታ "የመጣችሁበትን ጉዳይ ግን አልሰማሁም" ብላ ሸኘቻቸው። እልኸኛ ነበረች እናቴ። እኔስ ከማን ወጣሁ? የነገሬ ዋናው ግን እሷ እልኸኛ መሆኗ አይደለም፤ በዚያ ክረምት ልቧን አመማት። የጤና ጣቢያው ሐኪም እኔንና ደምሴን ለብቻ ጠርቶ "ድንጋጤ እንዳያገኛት" አለን። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዞርንላት። እሷ መንገዱን እያየች፣ እኛ እሷን እያየን ክረምቱን ገፋነው።

ወደ ጋሽ ሽኩር ልመለስ። ጋሽ ሽኩር አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ አንድ ደግሞ ጉንፋን እንደያዘው ሰው የሚያስነጥስ ጀኔሬተር ነበረው። አንድ ቀን ከመርካቶ የማናውቀው ዓይነት ካሴት ይዞ መጣ። ጭንብል ያጠለቁ ወፋፍራም ሰዎች በገመድ በታጠረ መድረክ ላይ ይፈነጋገላሉ፤ አንዱ ካባ ለብሶ እየተንጎማለለ ይገባል፣ ሌላው ወንበር ያነሣል፣ ዳኛው ጥፋት በተሠራ ቁጥር ዞሮ ነው የሚገኘው። ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም፤ ጋሽ ሽኩር ግን ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ሳያፍር ይተረጉምልናል። "አሁን የሚለው፣ 'አክስቴን የሰደብክ ጊዜ ነው የጠላሁህ' ነው።" ትግሉ የሜክሲኮ ነው ሲባል አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ "እኔ እዚያው ስውል እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም" ብሎ ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። በካሴቱ መጨረሻ ላይ የተሸነፈው ሰውዬ መሐል መድረክ ወንበር ላይ ተቀመጠና ረጅም ፀጉሩን ይላጩት ጀመር። እያለቀሰ። ሲስቅና ሲያፏጭ የነበረው ቤት ጸጥ አለ። ከኋላ አንዲት ሴት ጮክ ብላ "ማን ሞቶበት ነው?" አለች። ማንም አልሳቀም፤ ሁላችንም ልንጠይቅ የፈለግነው እሱኑ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቡታጅራን ትግል ያዛት። ጋሽ ሽኩር ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ባለው ባዶ ቦታ አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ አስተክሎ፣ ከጫኞች ገመድ ተውሶ፣ መሬቱን በሰጋቱራ ሞልቶ የመኪና ሸራ አለበሰበት። ደወላችን አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ የምመታው እኔ ነኝ፣ በብረት። ጀግናው ደምሴ ሆነ፤ "ጎፈሬው" ተባለ። ክፉው ደግሞ የሥራ ባልደረባው ሱልጣን። ሱልጣን የመስቃን ገበሬ ልጅ ነው፣ ጎፈሬው ከደምሴ ጥቂት ቢያንስ ነው፤ "መብረቅ" የሚል ስም ወጥቶለት፣ የእህቱን መጋረጃ ካባ አድርጎ ሲገባ ሴቶቹ ሳይቀሩ ይሰድቡታል። ሰጋቱራ በሰው ዓይን ይበትናል፣ ዳኛው ሲዞር ይናከሳል፣ ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ "እኔ?" ይላል። ሰዉ አምርሮ ጠላው። ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት ሲጠይቅ "ለከሐዲ አንሸጥም" ያለችው ባልቴት ነበረች። እኔ ግን ትኬት ቆራጭ ነኝና ጉዱን አውቃለሁ። ሁለቱ ወፍጮ ቤት ውስጥ ተደብቀው አወዳደቁን ሁሉ አንድ በአንድ ይለማመዱታል፤ ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ ይነገራል። ሲጨርሱ እኛ ቤት መጥተው ከአንድ ትሪ ሽሮ ይበላሉ፤ የክርስቲያኑም የእስላሙም ሥጋ እንዳያጣላቸው ሁልጊዜ ሽሮ። ጋሽ ሽኩር ሁላችንንም አስምሎናል፤ "ይኼ ወሬ የወጣ ለት ትግሉ ሞተ፣ እኔም ሞትኩ" ብሎ።

የመስቀል ሰሞን ሲቃረብ፣ አዲስ አበባ ያለው ሁሉ አገሩ ሊገባ ሲሰናዳ፣ ጋሽ ሽኩር የመጨረሻውን አመጣ። የተሸነፈ መድረኩ ላይ ይላጫል። ፀጉር በፀጉር። በካርቶን ላይ አስጽፎ መናኸሪያው በር ላይ ሰቀለው። ማን ይሸነፍ በሚለው ላይ ክርክር እንኳ አልነበረም። "እኔ እላጫለሁ" አለ ሱልጣን፣ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ከረጢት ላይ ተቀምጦ። "አባቴ እንደሁ ገጠር ነው፣ አያይ አይሰማ። ፀጉር ነው፣ ይበቅላል። የናንተን እናት ግን እኔም እፈራታለሁ።" ደምሴ ሳቀና ትከሻውን መታው። ነገሩ እዚያው አለቀ። እኔም አለቀ ብዬ ሄድኩ።

እናቴ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ከጎረቤት ሰማች። ደምሴን ጠርታ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችውና "እውነት ነው?" አለችው።

"አዎ እማዬ። ግን አልሸነፍም።"

"የማይሸነፍ ሰው ከየት ይመጣል?"

"እኔን እመኚኝ።"

እንደማይሸነፍ እርግጠኛ ያደረገውን ምክንያት ሊነግራት አይችልም፤ መሐላ አለበት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የእሷን ፊት ነበር የማየው፣ ከንፈሯ ሲገረጣ። ጎፈሬውን በእጇ ዳበሰች። ከዚያ "ሂድ" አለችው። "ተላጭተህ ከመጣህ ግን የምትገባው ለቅሶ ቤት ነው።"

ያን ዕለት የነበረውን ሰው ዛሬ ስታዲየም ውስጥ እንኳ አላይም። ከአረቅጥ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ የወረደ አለ፣ ከአዲስ አበባ አዲስ ጫማ አድርጎ ሰጋቱራ እንዳይነካበት የሚሳቀቅ አለ። የወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ የወጡት ቆርቆሮውን ሊያፈርሱት ነው። ማለዳ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ሸራው ሥር ያለው ሰጋቱራ ርሶ ይሸታል። ያን ቀን ሰዉ እንደወትሮው አልሳቀም። ሲሰዳደብ እንኳ ድምፁ ሌላ ነበር። ፀጉር ሊወርድ ነው፤ ምንም ቢሆን ጨዋታ ነው ብሎ የሚያልፈው ነገር አልነበረም። እኔም መጨረሻውን እያወቅሁ ብረቱን ደጋግሜ በቀሚሴ እጠርግ ነበር።

ልንጀምር ስንል ከሰዉ መሐል መንገድ ተከፈተና አንድ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ አዛውንት መጡ። "አሰላሙ አለይኩም" አሉ። ጋሽ ሽኩር ዳኛም እሱ ስለነበር ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ "ወአለይኩሙ ሰላም ሐጂ፣ ምን እግር ጣለዎት?" አላቸው፤ ፊቱ ግን ዐመድ መሰለ። የሱልጣን አባት ናቸው። ሐጂ ሰማን ይባላሉ፤ ልጃቸው ከተማ ገብቶ ወንበዴ ሆኗል፣ ገበያ ሰው አይሸጥለትም የሚለው ወሬ ገጠር ድረስ ሄዶላቸዋል።

"ልጄ የሚሠራውን ላይ ነው የመጣሁት" አሉ፣ ጋሽ ሽኩር ያመጣላቸው ወንበር ላይ ከእኔ አጠገብ እየተቀመጡ። "ሰው ሁሉ ይነግረኛል፤ ዛሬ ዓይኔ ይንገረኝ። ሥራው ሰው ፊት መውደቅ ከሆነ ከበሬ ኋላ መዋል ይሻለዋል። ይዤው እገባለሁ።"

ሱልጣን ካባውን ለብሶ ሲገባ አያቸው። እጆቹን ዘርግቶ "እኔ?" የሚልበት ቦታ ላይ ደርሶ ነበር፤ እጆቹ እዚያው አየር ላይ ቀሩ። ሰዉ አዲስ ጨዋታ መስሎት አፏጨ።

የመጀመሪያውን ዙር እንደተነገረው ደምሴ አሸነፈ። ሁለተኛውን ሱልጣን። አወዳደቃቸው ሁሉ እንደ ልምምዱ ነው፤ ግን ሱልጣን በወደቀ ቁጥር ሐጂ ሰማን ከዘራቸውን አንድ ጊዜ መሬቱ ላይ ይተክላሉ። ድምፁ ለእኔ ይሰማኛል። ደምሴ ውሃ ሊጠጣ በእኔ በኩል ወዳለው ቋሚ መጣ። አላያቸውም ነበር፤ አሁን ግን ጠርሙሱን አፉ ላይ እንዳደረገ ዓይኑ እሳቸው ላይ አረፈ።

"ማናቸው?" አለኝ በቀስታ።

"የሱልጣን አባት።"

አልጠጣም። ወደ ሱልጣን ዞረ፤ ሱልጣን ማዶ ያለውን ገመድ ይዞ አንገቱን ደፍቷል። ደምሴ ጥቂት አየው። እኔ ወንድሜን አውቀዋለሁ። ኩንታል ከማንሣቱ በፊት እንዲያ ነው የሚሆነው፣ ፊቱ ጸጥ ይላል። "ደምሴ" አልኩት፣ ጥርሴን ነክሼ፣ "እማዬን አስብ።" እሱ እጁን ወደ ኋላ ሰደደና ሚዶውን ከጎፈሬው ነቅሎ በገመዱ ሥር ሰጠኝ። "ያዢልኝ" አለ። ያኔ ገባኝ። ብረቱን ይዤ ቸርኬውን መምታት አቃተኝ፤ ጋሽ ሽኩር ተቆጥቶ "አስካለ፣ ምቺ እንጂ" እስኪለኝ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ሱልጣን እንደ ውሉ ተፈነገለና በጀርባው ወድቆ ጠበቀ። ደምሴ ገመዱ ላይ ወጥቶ ዘሎ ሊያርፍበት ነው። ዘለለ። ግን ሱልጣን ላይ አላረፈም፤ አጠገቡ ወደቀ፣ ሸራው ላይ፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ቀረ። ሕዝቡ "ኡ" አለ። ሱልጣን ራሱን ቀና አድርጎ አየው። እኔ ካለሁበት የሚነጋገሩት ይሰማል።

"ምን ነካህ? ተነስ።"

"ላዬ ላይ ውጣ።"

"እናትህስ?"

"ውጣ አልኩህ። አባትህ እያዩ ነው።"

ሱልጣን እጁን ወንድሜ ደረት ላይ አደረገ። ጋሽ ሽኩር ተንበርክኮ ሸራውን መታ፣ "አንድ"፤ እኔን አየኝ። "ሁለት"፤ አሁንም አየኝ፣ አንቺ ታውቂያለሽ እንዴ እንደማለት። እጁን ከፍ አድርጎ እዚያው አስቀረው። ደምሴ ዓይኑን ጨፍኗል። በዚያች መሐል ስንት ነገር እንዳሰብኩ፣ የእናቴን ከንፈር፣ የሐኪሙን ማስጠንቀቂያ፣ ገብቼ ልጎትተው እንደቃጣኝ። የጣሪያው ሰው ነው "ሦስት" ያለው፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ። ጋሽ ሽኩር እጁን ያወረደው እነሱን ተከትሎ ነው።

ሱልጣን አለቀሰ። ሰዉ የደስታ መሰለውና ይብስ ጠላው። ሐጂ ሰማን ተነሥተው ቆባቸውን አስተካከሉ፤ "ጉልበት አለው ለካ" አሉ፣ ለራሳቸው። ከዚያ ወንበሩ መድረኩ መሐል መጣ። ጋሽ ሽኩር ቶንዶሱን ራሱ ያዘ፤ ከግንባሩ ጀምሮ ወደ ኋላ ሲወስደው ጎፈሬው በጎን በጎኑ እየተገመሰ ሸራው ላይ ወደቀ። የቀረውን በምላጭ ጨረሰው። ሱልጣን ጎንበስ ብሎ "እኔም ልቀመጥ" ሲለው ደምሴ "ብትቀመጥ አላናግርህም" አለው። ያ ሁሉ ሕዝብ እንደ ቪዲዮ ቤቱ ለት ጸጥ አለ። ከፊት የነበሩ እናቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፤ አንዷ ከልማድ የተነሣ "ነፍስ ይማር" ብላ ደነገጠች። ዛሬ ደምሴ ያለ ማንም ቶንዶስ ራሱ በራ ሆኗል። የሄድኩበት ሠርግ የሱልጣን ሴት ልጅ ሠርግ ነበርና ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሱልጣን አሁንም ሙሉ ፀጉር አለው፣ ነጭ። "ያኔ በኔ ቦታ ተላጭቶ ለኔ ዕድሜ ልክ አተረፈልኝ" እያለ ለሙሽራው ያስተዋውቀዋል፤ ሙሽራው ደግሞ ቀልድ መስሎት ይስቃል።

ወደ ቤት ስንሄድ ሰዎች ኮፍያ እንስጥህ ቢሉት እንቢ አላቸው። ራሱ እንደተላጠ ድንች ነጥቶ፣ ከተማውን አቋርጠን፣ እኔ ሚዶውን በጡቴ ሸጉጬ ከኋላው። መናኸሪያው ጋ ባዶ ከረጢቶቿን አይሱዙ ላይ የምታስጭን የቆሼ በርበሬ ነጋዴ አየችን። ቤተሰባችንን ታውቃለች። ደምሴን አየችው፣ ራሱን አየችው፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ሰበረች። እኔ ሐሳቤ ሁሉ እቤት ነበርና ልብም አላልኳት። መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ነበር።

እናቴ ከመስኮቱ ቀድማ አይታዋለች። ስንገባ አልጮኸችም። ይሻል ነበር ብትጮህ። እጇ ደረቷ ላይ ነው፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ደምሴ ደጃፉ ላይ እንደ እንግዳ ቆሞ ቀረ።

"አቃተህ?" አለችው።

"አዎ እማዬ።"

አልቻልኩም። መሐላም ቢሆን፣ ጋሽ ሽኩርም ቢሞት። "አላቃተውም" አልኩ። "ሆን ብሎ ነው የወደቀው። የሱልጣን አባት መጥተው ነበር።" ሁሉንም ዘረገፍኩት። እናቴ እሱን እንጂ እኔን አላየችም። "ለምን?" አለችው።

ደምሴ መሬት መሬት እያየ "የኔ አባት ቢሆን ኖሮ ተቀምጦ የሚያየኝ፣ ሱልጣን ይወድቅልኝ ነበር" አለ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እህል አልቀመሰችም፤ ውሃ ስሰጣት ከእጄ ትቀበልና መልሳ ታስቀምጠዋለች። እኔና ደምሴ ጀርባዋን ነበር የምናየው፣ ጋቢው ከፍ ዝቅ ማለቱን። ከፍ ካለ በኋላ ዝቅ እስኪል ሁለታችንም አንተነፍስም። ገደልናት እኮ፣ እያልኩ አስብ ነበር። ለሰው አባት ብለን እናታችንን።

በማግሥቱ ማለዳ ከመንገዱ ወዲያ የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። ብዙ ሰው ነው። መኪና ቆሟል፣ ሴቶች ይጮኻሉ፣ እየቀረበ ይመጣል። እናቴ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። "ማን ሞቶ ነው?" አለች። "እንጃ እማዬ፣ ተኚ።" "የጎረቤት ለቅሶ ተኝቼ ልስማ?" ብላ፣ ከክረምቱ ጀምሮ ያለ ሰው ድጋፍ ያልለቀቀችውን አልጋ ለቀቀች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ በትሯን ያዘች። ልንደግፋት ብንሻማ እጃችንን ገፍታ ከሁለታችንም ፊት ወጣች።

ትናንት መናኸሪያው ጋ ያየነው የቆሼ አይሱዙ ነው። ከላዩ የሚወርደው ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሷል። ፊት ፊት የሚመጣው ጋቢውን ወገቡ ላይ አሥሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ደረቱን የሚመታ አንድ ሽማግሌ ነው። አጎታችን ዳምጠው። "ወርቅነሽን!" ይላል። "ያቺን እልኸኛ እህቴን! አንድ ቃል ሳልነግራት! ዛሬም ዘገየሁ፣ ዛሬም አልደረስኩላት!" ዓይኑን ሲገልጥ ያየው የደምሴን መላጣ ራስ ነው። በእናቴ አጠገብ አልፎ የደምሴ አንገት ላይ ወደቀ። "አባቷም እናቷም እኔ ነበርኩ" ይላል እየተንሰቀሰቀ፣ "ለአንዲት ቀን ብላ ስንት ዓመት ከለከለችኝ፣ እኔም ጅል ሆኜ ተከለከልኩ።" ደምሴ ነገሩ ሲገባው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እናቴ ዝም በል ብላ በዓይኗ አስጠነቀቀችው። በትሯን ተደግፋ፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች፣ የራሷን ለቅሶ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከኋላ የነበሩት ግን አይተዋታል፤ ለቅሶው ከኋላ ወደ ፊት እየጠፋ መጣ፣ አንዷ አማተበች፣ በመጨረሻ የአጎቴ ድምፅ ብቻ ቀረ።

"ዳምጠው" አለችው።

ዞረ። የደምሴን ክንድ ሳይለቅ አያት። እናቴ ቀረብ ብላ መዳፏን የልጇ መላጣ ላይ አሳረፈች፣ ድሮ ፀጉሩ ሲያቆጠቁጥ እንደዳበሰችው ዳበሰችው። ዓይኗ ግን ወንድሟ ላይ ነበር።

"ዛሬስ ቀድመህ መጣህ" አለችው። "ግባ።"